ያልገለበጥኳቸው ፎቶዎች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ መዶሻዬ ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቴን ያግኘው፤ ለፍሬም ሠሪ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ሰፈርተኛው «ጨምር» እያለ የሚጠራኝ ወሬ ሳወራ ስለምጨምር ነው፤ አልክድም። ካፊያውን ጎርፍ፣ ድመቷን ነብር ማድረግ እችልበታለሁ። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመው በዚሁ አመሌ ነው። የሒሳብ አስተማሪያችን ሞቱ ብዬ አስወራሁና፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያለቀሰ ቤታቸው ሲደርስ በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። የጥርስ ብሩሹ ገና አፋቸው ውስጥ ነበር። እሳቸው እስከ ዛሬ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ አላውቅም።

የዛሬው ታሪክ መጨመር አያስፈልገውም። ነገሩ ራሱ ተጨምሮበት ነው የመጣው።

ታላቅ እህቴ ሠዓሊ ናት፤ እታለም እላታለሁ። የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በመስኮቱ በኩል እሷ ሸራዋን ወጥራ፣ በበሩ በኩል እኔ እንጨቴን ከምሬ። የእሷ ወገን ቀለም የምታቀጥንበት አኳራጅ ይሸታል፣ የእኔ ወገን ሙጫና ሰጋቱራ። እኔ መጋዜን ሳነሣ እሷ እርጥቡን ሥዕሏን በአሮጌ አንሶላ ትጋርዳለች፤ እሷ ሰማይ ስትቀባ እኔ መጋዜን አስቀምጬ ወሬ እጀምራለሁ። እንዲህ እየተቻቻልን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል።

እታለም ብዙ ነገር ሥላለች፤ የታወቀችው ግን በአንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋ ከራሷ የሚበልጥ እንቁላል ታቅፋለች። እግሯ መሬት አይደርስም። እንቁላሉ አናት ላይ ጉብ ብላ የሚያያትን ሰው በአንድ ዓይኗ መልሳ ታየዋለች፤ «አዎ፣ የእኔ ነው፤ ምን ይሁንልህ?» የምትል ነው የሚመስለው። ይህችን ዶሮ አይቶ ያልሳቀ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው ብቻ አይደለም። የሥራ ክፍላችን በር ላይ ሰሌዳ አድርገን ስንሰቅላት የጎረቤት አውራ ዶሮ ወደዳት። በየጠዋቱ እየመጣ ፊት ለፊቷ ክንፉን ያረግፋል፣ ይጮህላታል፣ ትል ጭሮ አውጥቶ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥላታል። እሷ እንቁላሏን ታቅፋ ዝም። እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ዶሮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁን አዋላጇ ናቸው። እኔንም ከእናቴ ሆድ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። በእግሬ ነው አሉ የመጣሁት፤ ስለዚህ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ በእግርህ የመጣኸው» ይሉኛል። «ሁልጊዜ እግርህ ይቀድማል፤ ጭንቅላትህ ኋላ ነው የሚደርሰው።» የአርባ ዓመት አገልግሎት የምስክር ወረቀታቸውን ፍሬም ሊያስገቡ መጥተው ዶሮዋን አዩ። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው ሳቁ።

«ልጄ» አሏት እታለምን፣ «ይቺን ዶሮ ለሴቶቼ ትሰጪኛለሽ? የማዋለጃው መጠበቂያ ግድግዳ ባዶ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ባዶ ግድግዳ እያየች ሰዓቱ አይሄድላትም።»

«እኔ መጥቼ ልሥላልዎት፣ እማማ።»

«የለም የለም፣ አንቺ ሥራ አለሽ። እኔው እሞክራታለሁ። አራት ሺህ ሕፃን ያወጣ እጅ አንዲት ዶሮ ያቅተዋል?»

አቃተው። አዋላጇ ግድግዳው ላይ በእርሳስ መስመር አሰመሩ፣ ከሥራ ሲወጡ በርጩማ ላይ እየቆሙ ሦስት ሳምንት ለፉ፣ ሲያልቅ ዶሮዋ ሰው ማየት ትታ ጣሪያውን የምታይ ሆና ወጣች። «አምላኬ፣ ይሄ አሁን እንዴት ሊወጣ ነው?» የምትል ትመስላለች። እታለም ልታያት ስትሄድ እኔ ታስተካክላታለች ብዬ ብሩሽና ቀለም ተሸክሜ ተከተልኳት። ቆማ አየቻት፣ አየቻትና «ይሁን» አለች። «እንዲያውም ከእኔዋ ትሻላለች። እንዳትነኳት።»

ሴቶቹ ወደዷት። «እሷ ይሄን ከወለደች እኔ ምን ያስለቅሰኛል» እያሉ ነበር አሉ ወደ ውስጥ የሚገቡት።

ከዚያ ወሬው ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃው ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ መጋረጃዋ ላይ፣ አንድ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰውዬ ደግሞ የመኪናው የኋላ መስታወት ላይ ዶሮዋን አኖሯት፤ ከኋላው የሚመጣ ሹፌር ስቆ እንዳይገጨው ነው አሉ። እታለም ማንንም አትከለክልም። ሕጓ አንዲት ናት፤ «ጠይቁኝ፤ ከዚያ የት እንዳስቀመጣችኋት ፎቶ አምጡልኝ።» ፎቶው ሲመጣ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ጫር ታደርግና ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ በትንሿ ምስማር ግድግዳው ላይ እመታዋለሁ። ሳይጠይቅ የሚወስድም አለ። የእሱንም ፎቶ ደንበኛ ከመንገድ አንሥቶ ያመጣልናል፤ ያም ጀርባው ላይ ይጻፍበትና ከሌሎቹ ጋር ይሰቀላል። የደጃችንን ሰሌዳ ፎቶ ሳይቀር እዚያው መትተነዋል። ሠላሳ ሰባት ደረሱ።

ጀርባው ላይ ምን እንደምትጽፍ ጠይቄያት አላውቅም። ቀን መስሎኝ ነበር። ፍሬም ሠሪ የሥዕል ጀርባ የሚያየው ምስማሩ የት እንደሚገባ ለማወቅ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ ዶሮአችን ጉብ ብላለች። እንቁላሉን ሐምራዊ ቀብተውታል፣ ለእሷ መነጽር አድርገውላታል፣ ከታች የእታለም ስም የነበረበት ቦታ ግን ሙልጭ ብሏል። መደርደሪያው ሙሉ እሷ ናት። አንዱን ገዝቼ አመጣሁላት። እታለም ደብተሩን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ እየሠራች ቀና እያለች ስታየው ዋለች።

«መነጽሩ እኮ አይደለም» አለች በሩን ልንቆልፍ ስንል። «ስሜን ፍቀውታል። ቢጠይቁኝ እሰጣቸው ነበር።»

እታለም የምታለቅስ ሰው አይደለችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ እነዚህን ሰዎች አሳያቸዋለሁ አልኩ። ታናሽ ወንድም ሲናደድ አያድርስ ነው።

አሳዳጆቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አሳዳጆቹ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ የራሳቸው ስም ረጅምና የተከበረ ነው። ለሠዓሊዎች ኢሜይል ይልካሉ። «ሥዕልዎን ያለ ፈቃድ የሚጠቀሙትን በያሉበት አድነን እንይዛለን፤ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ካሳ እንጠይቃለን፤ ከሚገኘው እንካፈላለን። እርስዎ ቁጭ ብለው ይሣሉ።» አብሮት አሥራ አራት ገጽ ውል።

«እታለም፣ መድኃኒታችን መጣ» አልኩ። «አምስት ሳንቲም ሳታወጪ ደብተር ሠሪዎቹን አንቀው ያመጡልሻል።»

«በነፃ ላገልግልሽ የሚለኝን ሰው ነው እኔ የምፈራው።»

«በነፃ አይደለም፣ ይካፈላሉ እኮ!»

«እሱ ይባስ። የሚካፈል ሰው ብዙ ጥፋተኛ እንዲገኝ ነው የሚፈልገው።» ብሩሿን ጨርቅ ላይ እየጠረገች ነበር። «መነጽራሙን ታውቀው የለ? አብሮኝ የተማረውን? እሱ ለአንድ ማተሚያ ቤት ብሎ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጋ ፈረመ። እነሱ የገዛ አክስቱን ሱቅ ያዙ። ተው ቢላቸው አይሰሙም። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ውሻውን የምትፈቺው አንቺ ነሽ፤ አፉን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው› አለኝ።»

«መነጽራሙ ፈሪ ነው። ድመት ሲያይ መንገድ ይለውጣል።»

«እሺ አንድ ነገር ንገረኝ። ማን እንደሚከሰስ የሚመርጠው ማን ነው? እኔ ነኝ እነሱ?»

«እነሱ ያውቁበታል፤ የተማሩ ናቸው።»

«ውሉን አንብበኸዋል?»

«ከላይ እስከ ታች።» የእኔ ንባብ እንደ ፌንጣ ነው፤ እዚህ አርፎ እዚያ ይዘላል።

«ዘጠነኛው ገጽ ምን ይላል?»

«ዘጠነኛው… ስምንተኛውን ነው የሚያብራራው።»

ሳቀች። እኔም አልለቀቅኳትም። ስለ ደብተሩ አነሣሁ፣ ስለ ተፋቀው ስሟ አነሣሁ፣ እናታችን ብታይ ምን ትል ነበር አልኩ። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ብሩሿን አኳራጁ ውስጥ እየነከረች፣ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች።

ለእኔ ይሄ ፊርማ ነው።

በማግስቱ ሸራ ልትገዛ ስትወጣ ስልኬን አነሣሁ። ፎርሙ ሁለት ሣጥን ነበረው። አንደኛው «ፈቃድ የሰጧቸው» ይላል፤ እዚያ ውስጥ እያንዳንዱን ሰው በስም፣ በአድራሻና በቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው «ሥዕልዎ የታየባቸው ቦታዎች» ይላል፤ እዚህ ፎቶና አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻውን እንደሆነ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ከመጻፍ ማንሣት ይቀናኛል። ግድግዳውን ከጫፍ ጀምሬ ጠራረግኩት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሠላሳ ሰባቱንም ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ። የእኛ ወዳጆች እንዳሉበት ጠፍቶኝ አይደለም። እነሱ ይለዩታል ብዬ ነው። ትልቅ ድርጅት፣ ኮምፒውተር ያለው፣ ወዳጅና ሌባ መለየት ያቅተዋል? ከዚያ የእታለምን ስም በጣቴ ስልኩ ላይ ጻፍኩ። እንዲያውም ከእሷ ፊርማ የእኔ ያምር ነበር። ላክሁት። እጄን አራግፌ አንድ ፍሬም ጨረስኩ፤ ማዕዘኖቹ ልክክ አሉ። ጥሩ ቀን መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ረፋድ ፖስተኛው ወፍራም ፖስታ ይዞ መጣ። «ለቤቱ ባለይዞታ» ይላል። እታለም ከፍታ ማንበብ ጀመረች፤ ፊቷ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከዚያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ስማ፣ ጨምር። ይሄን አንተ እንኳ አትፈጥረውም። ‹በበርዎ ላይ የሰቀሉት የዶሮ ምስል የሠዓሊዋ ንብረት ሲሆን ያለ ፈቃዷ እየተጠቀሙበት እንደሆነ ደርሰንበታል። በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያነሡና ካሳ እንዲከፍሉ በሠዓሊዋ ስም እናስጠነቅቃለን።› ራሴን ከስሼአለሁ! ባሸንፍም የምሸነፈው እኔ፣ ብሸነፍም የማሸንፈው እኔ!»

እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እታለም ደብዳቤው ላይ የተያያዘውን ፎቶ አየች። ግድግዳው ላይ ያለው የገዛ ፎቶአችን ነው፤ የምስማሯ ራስ ሳትቀር ትታያለች። ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ፈረምክ?»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

«ስንቱን ላክህ?»

«…ሁሉንም።»

አልጮኸችም። ግድግዳው ጋ ሄዳ የመጀመሪያውን ፎቶ ከምስማሩ ነቀለችና ገልብጣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አዋላጇ በርጩማቸው ላይ ቆመው፣ ቀለም አፍንጫቸው ላይ፣ ከጀርባቸው ጣሪያ የምታይ ዶሮ። ከኋላው በእታለም እጅ «አዋላጇ። ይሁን።» ይላል። ሁለተኛውን ነቀለች። «ዳቦ ጋጋሪው። ይሁን።» ሦስተኛውን። «አልጠየቁኝም።» አራተኛውን። «ይሁን።» ቀን አይደለም። ቀን የሚባል ነገር አንዱም ላይ የለም። ሃያ አምስት «ይሁን» እጄ ላይ ተከመረ፤ «አልጠየቁኝም» የሚለው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። የእኛ ሰሌዳ ጀርባ ላይ «ቤታችን» ብላ ጽፋለች።

ብገለብጠው ኖሮ፣ አንዱን ብቻ ብገለብጠው ኖሮ እያልኩ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አልቆጥርም።

ወደ አሳዳጆቹ ደወልን። አንዲት ድምፅዋ ማር የሆነ ሴት አነሣች። እታለም አስረዳቻት፤ እነዚህ ሰዎች ወዳጆቼ ናቸው፣ ፈቅጄላቸዋለሁ፣ እባካችሁ አቁሙ አለቻት።

«ይገባኛል፣ እመቤቴ» አለች ልጅቷ። «ነገር ግን ደብዳቤዎቹ ወጥተዋል። አንዴ የቀረበ ምስል ለአንድ ዓመት በእኛ ውሳኔ ነው የሚያዘው። ውሉ ዘጠነኛ ገጽ ላይ አለ።»

እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ዘጠነኛው ገጽ።

«ደብተር ሠሪዎቹስ?» አለቻት።

«እነሱ በጠበቃ መልስ ሰጥተዋል። መዝገቡን ዘግተነዋል፣ እመቤቴ።»

ጠበቃ ያለውን ተዉት፤ በርጩማ ያላቸውን ያዙ። እታለም ስልኩን ዘጋችና «የቆጡን እናወርዳለን ብለን የብብታችንን ጣልን» አለች። «ጣልክ» አላለችም። «ጣልን» ነው ያለችው። ከዚያ የአዋላጇን ፎቶ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ሌላው ይደርሳል። መጀመሪያ እሳቸው ጋ።»

ጤና ጣቢያው ኮሪደር እንደ ሁልጊዜው በረኪና ይሸታል። በላዩ ላይ ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ እታለም ከእኔ ቀድማ አወቀችው። የግድግዳ ቀለም። ትኩስ።

አዋላጇ በርጩማው ላይ ቆመዋል፤ ያው በርጩማ ነው። እጃቸው ላይ ሰፊ ብሩሽ፣ ከሥራቸው ነጭ ቀለም የተሞላ ባልዲ። ዶሮዋ የለችም። በአንዱ ወገን የእንቁላሉ ጠርዝ ብቻ በነጩ ሥር ሳሳ ብሎ ይታያል፤ እሱንም ሁለተኛ ዙር እየቀቡት ነበር። አግዳሚው ላይ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠዋል። አንዷ ሆዷን ይዛ «ዶሮዋ ምን ሆና ነው?» አለች።

«እማማ፣ ይተዉት!» አለች እታለም። «ይውረዱ እባክዎ!»

አዋላጇ የጀመሩትን ጨርሰው ዞሩ። «ይግቡ» አሏት። «ይቀመጡ።»

ይግቡ! «ልጄ» ሲሏት የኖሩ ሴት «ይግቡ» አሏት። እታለም በጥፊ እንደተመታ ሰው ቆመች።

«ደብዳቤው አሥር ቀን ይላል፤ እዚህ ከደረሰ ዛሬ ዘጠነኛው ነው» አሉ አዋላጇ። «እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።»

«ስሕተት ነው እኮ፣ እማማ። እኔ ይሁን ብያለሁ። ይኸው!» ፎቶውን ገልብጣ ዘረጋችላቸው።

አላነበቡትም። «ይሁን ማለትዎን አልረሳሁም። ሐሳብዎን የለወጡ መስሎኝ ነው። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ ሥራው የእርስዎ ነው፣ መብትዎ ነው። ቀርበው ቢነግሩኝ ግን በአንድ ቀን አጠፋው ነበር። ደብዳቤውን የከፈተው ኃላፊው ነው። ሠራተኛው ባለበት አነበበው። ‹ያለ ፈቃድ የወሰዱት› እያለ። እኔ ከዚህ ቤት መርፌ ወስጄ አላውቅም።»

እኔ እዚህ ላይ ቀልድ ሞከርኩ። ምን ላድርግ፣ ሲጨንቀኝ የሚመጣልኝ ቀልድ ነው። «እኛም ተከሰናል እኮ፣ እማማ! እሷ ራሷን ከስሳለች! ከዚህ በኋላ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ነው የሚከሱት» አልኩ። የሳቀ የለም። ነፍሰ ጡሯ እንኳ አላዘነችልኝም።

አዋላጇ ከበርጩማው ወረዱና ብሩሹን ባልዲው ላይ አጋድመው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ በእግርህ የመጣኸው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለዛሬ ብቻ ሳትጨምር መልስልኝ። ይሄ ነገር ሲደረግ እሷ ታውቅ ነበር?»

ከማዋለጃው አንድ ሕፃን ያለቅሳል።

«ያው… ጠይቄያት ነበር» አልኩ። «‹እንግዲህ አንተ ታውቃለህ› አለችኝ።»

እታለም አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና «አዎ» አለች። «በእኔ ስም የሆነ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ አዋላጇ፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሳዋልድ አንዲቷን እንኳ ‹እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ› ብያት ወጥቼ አላውቅም።»

ብሩሹን አነሡ። የቀረችውን የእንቁላል ጠርዝ ቀቧት።

ሌላው ሁሉ ተስተካከለ ማለት ይቻላል። እታለም ለቀሩት ሃያ አራት በገዛ እጇ ጻፈችላቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሳቀና የክስ ደብዳቤውን ፍሬም አስገብቶ ከዶሮዋ ጎን ሰቀለው፤ ፍሬሙን ያለ ዋጋ የሠራሁለት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ግን መጋረጃዋን አውርዳለች፤ ጨርቁን ለምን እንዳዋለችው አልጠየቅንም። ደብተሩ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ አሁን እንቁላሉ አረንጓዴ ሆኗል።

እታለም የደጃችንን ሰሌዳ የእኛ ደብዳቤ በደረሰ በአሥረኛው ቀን አወረደችው። «የእኛን ምን በወጣሽ?» ብላት፣ «እሳቸው ከታዘዙ እኔም እታዘዛለሁ» አለች። በማግስቱ ጠዋት አውራ ዶሮው ትሉን ይዞ መጣ። ባዶውን በር አየ። ወዲያ ዞሮ አየ፣ ወዲህ ዞሮ አየ። ትሉን አልበላውም፣ አላስቀመጠውም፤ እንደያዘው ተመለሰ።

አዋላጇ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ የእኔ እንጨት ክምር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያሻሹ ከእታለም ጋር የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እታለም ሐሙስ ሲሆን አሁንም ያንን ክምር ጨርቅ ታለብሰዋለች፤ ሰጋቱራ እንዳይነካቸው። ፎቶዎቹንም ሁሉ መልሳ ሰቅላቸዋለች፤ አሁን ግን ጀርባቸው ነው ወደ ሰው የዞረው። ግድግዳው ሙሉ ይሁን፣ ይሁን፣ አልጠየቁኝም፣ ይሁን። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። መጋዜን ሳነሣ ሥዕሏን ትጋርዳለች፣ ሰማይ ስትቀባ መጋዜን አስቀምጣለሁ፤ ወሬ ግን አልጀምርም።

ይህን የጻፍኩት አዋላጇ እንዲያነቡት ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አጥፌ ጤና ጣቢያው ድረስ እወስድላቸዋለሁ። ጭንቅላቴ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል፣ እማማ። አውራ ጣቴ ግን ከጅምሩ ሲያሳክከኝ ነው የዋለው፤ እውነት ነው ብዬ ከማልኩበት ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁና።

አውራ ዶሮው አይደለም፤ ጎረቤት ይጠየቅ። ራሷን የከሰሰችበት ደብዳቤም አይደለም፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አስተማሪያችንም የጥርስ ብሩሻቸውም እውነት ናቸው። የፈጠርኩት ትንሿን፣ ማንም የማይጠረጥራትን ነው። እታለም «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላኝ አታውቅም። መጀመሪያ የፈጠርኩት እዚያ ኮሪደር ላይ፣ እርስዎ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነው፤ እሷም ወንድሟ በሰው ስም ፈረመ እንዳይባል ብላ ዋጠችው። ያን ቀን ጀርባዋንም አልሰጠችኝም። ብሩሿን አኳራጁ ውስጥ ነከረች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ያለችኝ ይሄንን ነው፤ «ይደር። ነገ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።»